የወላጅ ቁጥጥር አፕ ከመጫንዎ በፊት፦ አካውንቱ የማን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ ቤት ገብቶ «ለልጄ መቆጣጠሪያ የሚሆን አፕ ጫንልኝ» የሚል ወላጅ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ባለሱቁ አንዱን ያወርዳል፣ «ፍቀድ» የሚሉትን ቁልፎች አከታትሎ ይነካል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ስልኩን ይመልሳል። ብዙም ሳይቆይ ልጁ እንደ ቀድሞው ቲክቶክ ላይ ተጥዶ ይገኛል። ወላጅ «አፑ አይረባም» ብሎ ሌላ ያስጭናል፤ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው አይሻልም። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የተበላሸው አፑ ከመጫኑ በፊት ነው። ስልኩ ውስጥ የገባው አካውንት የልጁ አይደለም፣ ወይም የልደት ቀኑ በስህተት ተሞልቷል።

ስልኩ ልጁን አያውቀውም

የወላጅ ቁጥጥር አፕ ስልኩን የያዘው ማን እንደሆነ ፊቱን አይቶ አይለይም። የሚያየው ስልኩ ላይ የገባውን የጉግል፣ የአፕል ወይም የማይክሮሶፍት አካውንት ነው። አካውንቱ እንደ መታወቂያ ነው፤ የባለቤቱ ዕድሜ፣ ወላጁ ማን እንደሆነ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደተፈቀደለት እዚያ ላይ ተጽፏል። መታወቂያው የአባት ከሆነ፣ የያዘው የስምንት ዓመት ልጅ ቢሆንም ስልኩ አዋቂ ሰው ያገለገለ ይመስለዋል።

እኛ ዘንድ ደግሞ አካውንቱን ባለቤቱ ራሱ የከፈተው ብዙ አይደለም። ስልክ ሲገዛ «በዚያው ጂሜይል አውጣልኝ» ይላል፤ ሻጩ ያወጣል፣ ፓስወርዱን ካርቶኑ ላይ ይጽፋል፣ አንዳንዴም አይጽፍም። ካርቶኑ ከጊዜ በኋላ የልጆች መጫወቻ ይሆናል። ስለዚህ የትኛው አፕ ይሻላል ከሚለው በፊት ወረቀት ይዞ ቁጭ ማለት ነው የሚበጀው። ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ይጻፍ፤ ከጎኑ በማን እጅ እንደሚውል፣ የትኛው አካውንት እንደገባበት፣ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ይጻፍ። አንድሮይድ ላይ አካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ «ጉግል» በሚለው ስር፣ አይፎን ላይ ሴቲንግ እንደተከፈተ ከላይ ከስሙ ጋር ይታያል።

አንድ ቤት እናስብ፤ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ያለ። እናት ሳምሰንግ፣ አባት ቴክኖ ይዘዋል። አሜሪካ ያለች አክስት ለትልቋ ልጅ ያገለገለ አይፎን ልካለች። አባት ለሥራ የሚጠቀምበት ላፕቶፕ አለ፤ ማታ ማታ ልጆቹ ጌም ይጫወቱበታል። ሳሎን ውስጥ ዩትዩብ የሚከፍት ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩ አለ። ከመርዓዊ ለትምህርት መጥቶ እነሱ ዘንድ የሚኖር የአጎት ልጅም የራሱን ስልክ ይዟል፤ ትንንሾቹ ከትከሻው ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩት የእሱን ነው። በዚህ ቤት እያንዳንዱ ስክሪን የተለየ አካውንት የሚሰማ ሲሆን፣ አንዳንዱ ጭራሽ የማንንም አይሰማም። አንድ አፕ ጭኖ ሁሉንም መግዛት የማይቻለው ለዚህ ነው።

የእኛ ዘመን አቆጣጠርና የአፑ ዘመን አቆጣጠር

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ጉዳይ አያነሱትም፤ እዚህ ግን ሥራውን ከሚያበላሹት ሁሉ ዋናው ነው ብዬ አምናለሁ።

የልጅ አካውንት ሲከፈት የልደት ቀን ይጠየቃል፤ የሚጠየቀውም በፈረንጆቹ ነው። በ2009 ዓ.ም. ጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ የተወለደችው ጃንዋሪ 19፣ 2017 ነው። ወላጅ 2009 ብሎ ከሞላ ልጅቷ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ታረጃለች። አካውንቷም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚደረገው ጥበቃ አይኖረውም፤ ዩትዩብና ፕሌይስቶርም እንደ ጎረምሳ ያስተናግዷታል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ለተወለደ ልጅ ዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይደመራል። ወሩና ቀኑም መቀየር አለበት።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ማታ ስልኩ እንዲዘጋ ሲታዘዝ አፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይዘጋ ያለ ወላጅ መሙላት ያለበት 9:00 ፒኤም እና 6:30 ኤኤም ነው፤ ስልኩ በ24 ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ 21:00 እና 06:30። የለመደውን 3:00 ብሎ ኤኤም ላይ ከተወው ስልኩ የሚዘጋው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ልጁ እኩለ ሌሊትን ተሻግሮ ሲጫወት አድሮ፣ ጠዋት የቤት ሥራ ለመጠየቅ ሲፈልግ ተዘግቶ ያገኘዋል። በነጋታው «አፑ ተበላሽቷል» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከስልኩ ጋር የሚመጡት ሦስቱ

ገንዘብ ከማውጣት በፊት በነጻ ያሉትን ማወቅ ይገባል፤ ለአብዛኛው ቤት በቂ ናቸው።

አንድሮይድ ለያዘ ልጅ የጉግሉ ፋሚሊ ሊንክ አለ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ወላጅ በራሱ ስልክ ሆኖ የልጁን የቀን ገደብ ይወስናል፣ ማታ የሚዘጋበትን ሰዓት ይሞላል፣ ለእያንዳንዱ አፕ የተለየ ደቂቃ ይሰጣል፣ ልጁ ከፕሌይስቶር አዲስ አፕ ሲጠይቅ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። የወላጁ ስልክ አይፎን ቢሆንም ይሠራል፤ የልጁ ስልክ ግን አንድሮይድ መሆን አለበት። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡና የጉግል አገልግሎት የሌላቸው የሁዋዌ ስልኮች ላይ አይሠራም፤ ያገለገለ ስልክ ለልጅ የሚገዛ ሰው ፕሌይስቶር መኖሩን ሱቁ ውስጥ እንዳለ ከፍቶ ይይ። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚከፈተው አካውንት ከመነሻው ቁጥጥር ያለበት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለ ልጅ አካውንት ላይ ቁጥጥር የሚታከለው ልጁ ራሱ ሲስማማ ነው።

ፋሚሊ ሊንክ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የቀን ገደቡ የሚቆጠረው በየዕቃው ነው። ሁለት ሰዓት ተብሎ ከተሞላና ልጁ በአንድ አካውንት ስልክም ታብሌትም ካለው፣ ስልኩ ላይ ሁለት፣ ታብሌቱ ላይ ሁለት ሰዓት ያገኛል። አፑ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን አድርጓል። ከአንድ በላይ ስክሪን ያለበት ቤት ገደቡን ለዕቃዎቹ ማካፈል አለበት። የታብሌቱ ግማሽ ሰዓት ከሆነ የስልኩ አንድ ሰዓት ተኩል ይሁን።

የአፕሉ ስክሪን ታይም ከአይኦኤስ 12 (ከአይፎኑ ሶፍትዌር) ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው፤ አይፎኑ ውስጥ ስላለ ምንም አይወርድም። ወላጅም አይፎን ካለው ከሩቅ ሆኖ ይቆጣጠራል፣ ልጁ አይፎንም አይፓድም ቢኖረው አጠቃቀሙን አንድ ላይ ይደምራል። በእኛ ምሳሌ ግን እናትም አባትም አይፎን የላቸውም። ችግር የለውም፤ በልጅቷ አይፎን ላይ ራሱ ስክሪን ታይም ተከፍቶ ለእሱ ብቻ የሚያገለግል ባለአራት አሃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ ቁጥር ስልኩን ከሚከፍተው ቁጥር የተለየ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ልጅቷ ገደቡን ራሷ ታነሳዋለች። አክስቷ ስልኩን ስትልክ የራሷን የአፕል አካውንት ከውስጡ አውጥታ መሆን አለበት። ካላወጣች አፕል ስልኩን የሚያውቀው የአክስት ንብረት አድርጎ ነው፤ አንድ ቀን ቢጸዳ ያለ እሷ ፓስወርድ አይከፈትም። ይህንን አክስት አሜሪካ ሆና በስልክ ልታስተካክለው ትችላለች፤ እስኪያጋጥም ግን አትጠብቁ።

ላፕቶፕ ላይ የማይክሮሶፍት ፋሚሊ ሴፍቲ አለ። ዊንዶውስንና የጌም መጫወቻውን ኤክስቦክስን በአንድ ገደብ ደምሮ መቁጠር ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻም ይሞላል። የእኛ ላፕቶፖች ችግር ግን አብዛኞቹ የሚከፈቱት ከማይክሮሶፍት ጋር ባልተያያዘ፣ እዚያው ላፕቶፑ ላይ በተፈጠረ ስም መሆኑ ነው። አባት «አድሚን» ብሎ የከፈተው ስም አለ፣ ልጆቹም የሚገቡት በዚያው ነው። ፋሚሊ ሴፍቲ እንዲሠራ ልጁ የራሱ የማይክሮሶፍት አካውንት ኖሮት፣ ላፕቶፑ ላይም አድሚን (ሁሉን የመቀየር ሥልጣን ያለው) ያልሆነ ተራ ተጠቃሚ ሆኖ መግባት አለበት። የድረ ገጽ ማጣሪያው የሚሠራው ኤጅ በተባለው ብሮውዘር ላይ ነው፤ ቤተሰቡ ክሮም ከለመደ ይህ ማጉረምረም ማምጣቱ አይቀርም።

ሦስቱም በአንድ የቤተሰብ ቡድን ውስጥ የሚያስገቡት ወላጆችን ጨምሮ ስድስት ሰው ነው። የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ ከገጠር የመጣ ተማሪ ያለበት ቤት ቁጥሩን አስቀድሞ ይቁጠር።

ስልኩ የእናት ሲሆን

እስካሁን ያልነው ልጁ የራሱ ዕቃ ላለው ቤት ነው። ብዙ ቤት ግን የሕፃኑ ስልክ የእናት ስልክ ነው። እናት ወጥ ስትሠራ ትሰጠዋለች፣ ስልክ ሲደወል ትወስዳለች፣ ትመልሳለች። እዚህ ፋሚሊ ሊንክ መጫን ትርፉ እናትን መቆጣጠር ነው።

ለዚህ የሚሆነው ሌላ መንገድ ነው። ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ አንድን አፕ ስክሪኑ ላይ ቸንክሮ መስጠት ይቻላል። አፕ ፒኒንግ ወይም ስክሪን ፒኒንግ ይባላል፤ ሴቲንግ ውስጥ ሴኪዩሪቲ በሚለው ስር ይገኛል። ተቸንክሮ የተሰጠው ሕፃን ካርቱኑን ብቻ ያያል፤ ወደ ቴሌግራም ወይም ወደ ቴሌብር አይሻገርም። ሲወጣ ፒን እንዲጠይቅ የምትለዋን ምርጫ ማብራት ግን አይረሳ፤ ካልበራች ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ይወጣል። አይፎን ላይ ተመሳሳዩ ጋይድድ አክሰስ ይባላል። ሳምሰንግ ለያዘች እናት ሳምሰንግ ኪድስ የሚባል አለ፤ ለሕፃን የተለየ ገጽ ይከፍታል፣ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይቆጥራል፣ ለመውጣት የወላጅ ፒን ይጠይቃል። እናት የምትፈልጋቸውን ሁለት ሦስት ጌሞች ብቻ ታስገባበታለች። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ ልጁ በእናቱ አካውንት ዩትዩብ ሲያይ ከከረመ፣ እናትየዋ ስብከት ወይም የምግብ አሠራር ልትፈልግ ስትከፍት የሚቀርብላት የእንቁላልና የአሻንጉሊት ቪዲዮ ነው። ይህም የአካውንት ነገር ነው።

ቲክቶክና ቴሌግራም

ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልተፈቀደም። ከ18 በታች ለሆነ ተጠቃሚ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን 60 ደቂቃ ገደብ በራሱ ያስቀምጣል፤ ልጁ ግን ቁጥር አስገብቶ መቀጠል ይችላል። ወላጅ ይህን ማጥበቅ ከፈለገ የራሱን ቲክቶክ ከፍቶ ፋሚሊ ፔሪንግ በሚባለው የልጁን አካውንት ከራሱ ጋር ያገናኛል፤ ከዚያ ገደቡ በወላጁ እጅ ይሆናል። ልጁ ሲከፍት 1990 ተወለድኩ ብሎ ከሆነ ግን የ60 ደቂቃው ነገር ከነጭራሹ የለም። እዚህም ወሳኙ የልደት ቀን ነው።

ቴሌግራም ይከብዳል። ለብዙ ተማሪ ቴሌግራም የመምህሩ ኖት፣ የክፍሉ ግሩፕ፣ የፊልም ቻናልና የማያውቀው ሰው መልእክት አንድ ላይ የሚገኙበት ነው። ፋሚሊ ሊንክ ቴሌግራምን በሙሉ ሊዘጋው ወይም በደቂቃ ሊለካው ይችላል፤ ውስጡ የትኛው ቻናል እንደተከፈተ ግን አያይም። ስለዚህ ለቴሌግራም የሚሠራው ከልጁ ጋር ተቀምጦ የቴሌግራሙን ሴቲንግ መክፈት ነው፦ ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባው የሚችለው ስልኩ ላይ የተመዘገበ ሰው ብቻ እንዲሆን፣ ስልክ ቁጥሩ ለማያውቀው እንዳይታይ፣ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ። የመጨረሻው ለፓኬጅም ይጠቅማል።

አካውንት የማይደርስበት

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የባሕር ዳር ልጆች ስክሪን አላቆሙም። ፊልሙም ጌሙም በሚሞሪ፣ በፍላሽና ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ይህን ያየ ሰው የድረ ገጽ ማጣሪያ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አይጠፋውም፤ ሚሞሪ ላይ የተቀመጠ ፊልም የሚያልፍበት ማጣሪያ የለም። የቀን ገደቡ ግን ይሠራል፤ ምክንያቱም ደቂቃውን የሚቆጥረው ስልኩ ራሱ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ የማይሠራው አዲስ ትእዛዝ መላክ ነው፤ ወላጅ ገደቡን ቢቀይር የልጁ ስልክ እስኪገናኝ አይደርሰውም። ለዚህ ፋሚሊ ሊንክ በወላጁ ስልክ ላይ በየጊዜው የሚለዋወጥ የመክፈቻ ኮድ አለው። የተዘጋው የልጅ ስልክ ላይ ኮዱ ሲገባ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል። አባት ለመስክ ወጥቶ ልጁ መደወል ቢያስፈልገው ኮዱን በድምፅ ይነግረዋል።

በዜንደር ወይም በቴሌግራም የሚመጣ አፕ ፕሌይስቶርን ስለማይነካ የወላጅ ፈቃድም አይጠይቅም። ፋሚሊ ሊንክ ውስጥ ከማይታወቅ ምንጭ መጫንን የሚከለክል ምርጫ አለ፤ መዘጋቱን ያረጋግጡ። ማኅበራዊ ሚዲያ በተዘጋባቸው ወራት ቪፒኤን፣ የተዘጋውን በሌላ መንገድ የሚያስከፍተው አፕ፣ የብዙ ሰው ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ በቪፒኤን ውስጥ የሚያልፍ ልጅ የቤቱ ዋይፋይ ላይ የተደረገውን ማጣሪያ ያልፋል። ከልጁ ስልክ ላይ ቪፒኤኑን ማውጣት ካልተቻለ ዋይፋዩን ማጣራት ድካም ነው።

የቤት ዋይፋይ ያለው ሰው ሞደሙ የሚፈቅድለት ከሆነ ዲኤንኤስ የሚለውን 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 አድርጎ ቢሞላ ቤት ውስጥ የሚገናኝ ሁሉ፣ ቴሌቪዥኑን ጨምሮ፣ የአዋቂ ድረ ገጾችንና ቫይረስ የሚያሠራጩትን እንዳያገኝ ይደረጋል። የክላውድፍሌር ነጻ አገልግሎት ነው። ዲኤንኤስ ማለት የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት ነው፤ ይህኛው የተከለከለ ስም ሲጠየቅ ቁጥሩን አይሰጥም። ዩትዩብንና ቲክቶክን አይዘጋም፣ ሰዓትም አይቆጥርም። ብዙ ሞደሞች ላይ የትኛው ዕቃ በስንት ሰዓት ኢንተርኔት እንደሚያጣ መሙያ አለ፤ ቴሌቪዥኑን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከዩትዩብ ለማራቅ ቀላሉ መንገድ እሱ ነው። የሞደሙ መግቢያ ፓስወርድ ከታች ከተለጠፈው ካልተቀየረ ግን ትልቁ ልጅ አንብቦት ይገባል።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ በአካውንት የተሞላ ገደብ ልጁን ተከትሎ ትምህርት ቤትም፣ ሐይቁ ዳር ያለ ካፌም፣ ጎረቤትም ይሄዳል። በሞደም የተሞላው ከግቢ አይወጣም፤ የሞባይል ዳታ ሲበራም ይቀራል። ዳታ በፓኬጅ የሚገዛ ቤት ግን ሳያስበው ጥሩ ገደብ አለው። የዕለት ፓኬጅ ሲያልቅ ያልቃል። ልጁ በእናቱ ቴሌብር ሌላ እንዳይገዛ ፒኑን አለማሳየት ብቻ ነው የሚቀረው፤ ልጆች ፒን ከጣት እንቅስቃሴ ያነባሉ።

ሪሲቨሩን አንረሳም። ቻናል በፒን መቆለፍ የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ፒኑ ካልተቀየረ አብዛኛውን ጊዜ 0000 ነው።

የሚከፈልባቸው

አይፎንም አንድሮይድም ዊንዶውስም ያለበት እንደ አባይ ማዶው ያለ ቤት ሦስት የተለያየ መቆጣጠሪያ መክፈት ይሰለቸዋል። እንደ ኩስቶዲዮ ያሉት የሚከፈልባቸው አፖች የሚሸጡት ይህን ነው፤ ሁሉንም በአንድ ገጽ ማየት። ነጻው የኩስቶዲዮ ዓይነት አንድ ዕቃ ብቻ ይይዛል። ከዚያ በላይ ክፍያው ዓመታዊ ሲሆን በውጭ ምንዛሬ ነው፤ በዶላር የሚሠራ ካርድ የሌለው ቤት እዚያው ያበቃል። ባርክ የተባለው በውጭ ዝርዝሮች ላይ ከላይ ይጠቀሳል፤ የሚሸጠው ግን በጥቂት አገሮች ብቻ ነው። ካስፐርስኪ ሴፍ ኪድስም በብዙ ዝርዝር ላይ አሁንም አለ፤ የኩባንያው አፖች ግን በ2024 እ.ኤ.አ. ከፕሌይስቶር ወጥተዋል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኝ «ምርጥ አሥር» የሚል ዝርዝር መቼ እንደተጻፈ ሳይታይ አይታመን።

አሠራራቸውን ማወቅ ለምርጫ ይረዳል። ፋሚሊ ሊንክ የስልኩ አካል ያህል ነው፤ ከውጭ የሚመጣ አፕ ግን እንግዳ ስለሆነ ፈቃድ ይለምናል። የትኛው አፕ ስንት ደቂቃ እንደተከፈተ የማየት፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን የማንበብ፣ በቀላሉ እንዳይወጣ የስልኩ አስተዳዳሪ የመሆን ፈቃድ ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ ቢከለከል ሥራው ይጎድላል። ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ ከኋላ የሚሠሩ አፖችን የሚዘጉ ስልኮችም አሉ፤ ርካሾቹ ላይ ይበዛል። እነዚህ መቆጣጠሪያውንም አብረው ይዘጉታል። ለዚያ አፕ የባትሪ ቁጠባው እንዲቀር ማድረግ ያስፈልጋል። አይፎን ላይ ደግሞ አፕል በ2019 እ.ኤ.አ. አካባቢ የውጭ አፖች ይጠቀሙበት የነበረውን መንገድ አጥብቦ፣ በ2021 በአይኦኤስ 15 ሌላ ጠባብ መንገድ ከፍቶላቸዋል። ስለዚህ ያው አፕ አንድሮይድ ላይ የሚያደርገውን ሁሉ አይፎን ላይ አያደርግም።

መጥፎ ቃል ስናገኝ እናሳውቃለን የሚሉትም አሉ። ልጆቻችን አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እያሳጠሩ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር እየቀላቀሉ ነው የሚጻጻፉት። ለእንግሊዝኛ የተሠራ ማጣሪያ ይህን ይይዝልኛል ብዬ ገንዘብ አልከፍልም።

ምልክታቸውን ደብቀው ልጁ ሳያውቅ መልእክቱን፣ ጥሪውን፣ ያለበትን ቦታ የሚልኩት ደግሞ ሌላ ነገር ናቸው። «ለወላጅ» ተብለው ይሸጣሉ፤ ባልም ሚስትን ሲሰልልባቸው ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤምስፓይ በ2015፣ በ2018 እና በ2024 እ.ኤ.አ. የያዘው የደንበኞች መረጃ ወጥቶበታል። የልጅን ፎቶና መልእክት ለማን እያስረከቡ እንደሆነ ሳያውቁ መጫን ከቲክቶኩ የባሰ አደጋ ነው። ፋሚሊ ሊንክና ስክሪን ታይም በግልጽ ይታያሉ፤ ልጁ ገደብ እንዳለበት ያውቃል።

ስንት ሰዓት?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢያጥር የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ከዚያ በላይ ላሉት አንድ ቁጥር የለም፤ እንቅልፉ፣ ጥናቱና ጨዋታው ሳይነካ የሚተርፈው ሰዓት ነው መለኪያው። ልጁ የፈረቃ ተማሪ ከሆነ ግማሽ ቀን ቤት ይውላል፤ ገደቡ እንደ ፈረቃው ይሞላ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ሲዘጋና ዝናቡ ግቢ ውስጥ ሲያስቀምጣቸው የመስከረሙ ገደብ አይሠራም። ፋሚሊ ሊንክ ለእያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን የተለየ ደቂቃ ይቀበላል፤ ሁሉንም ቀን አንድ ዓይነት ማድረግ ግዴታ አይደለም።

ገደቡ ሲሞላ ልጁ ጎን ቢቀመጥና ቁጥሩን አብሮ ቢያይ የመጀመሪያው ሳምንት ይቀላል። ሲያልቅበት ስልኩ ይቆለፋል፣ ልጁም «እማዬ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ» ይላል። ለዚህ ገደቡን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ለዚያ ቀን ብቻ የሚያገለግል ተጨማሪ ሰዓት መስጫ አለ፣ በነጋታው ወደ ነበረበት ይመለሳል። እናት እምቢ ስትለው ወደ አባቱ መሄዱ የታወቀ ነው። አባትም በቤተሰብ ቡድኑ ውስጥ ወላጅ ሆኖ ከገባ ተጨማሪውን የመስጠት ሥልጣን የሁለቱም ነው። አንዱ የከለከለውን ሌላው ሳያውቅ እንዳይሰጠው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ሁለቱ ቀድመው ይወስኑ።